ተመልካች ልጅና ሠሪ ልጅ

ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ማንበብ ለማይችለው ሰው መጽሐፍ፣ ማንበብ ለሚችለውም ማስታወሻ ሆኖ ኖሯል። በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ የተሣለውን የቅዱሳን ታሪክ እያየ ያደገ ሕፃን፣ ፊደል ሳይቈጥር ብዙ ነገር ዐውቆ ይገኛል። በዘመናችን ግን ከግድግዳው ወርዶ በሕፃኑ መዳፍ ውስጥ የገባ ሌላ ዐይነት ሥዕል መጥቷል፤ ይኸውም በኮምፒዩተር የሚሠራው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው።

ስለዚህ ሥዕል ወላጆች በሁለት ወገን ተከፍለው እናያለን። አንዳንዱ ልጁ ዝም እንዲልለት ሲል ስልኩን ያስይዘዋል፤ አንዳንዱም ልጁን ያፈዘዋል ብሎ ይነጥቀዋል። ሁለቱም ልጁን ተመልካች ብቻ አድርገው ያዩታል። ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ልጁ ሥዕሉን ራሱ እንዲሠራና እንዲያዝዘው ማስተማር ነው። ይህን መንገድ ከጠረጉት ሊቃውንት አንዱ ራንዲ ፓውሽ የተባሉ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበሩ። የእኒህን መምህር የሥራ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ማቅረብ የወደድነው፣ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚጠቅም ቁም ነገር ስላለበት ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ብለን ካላመለከትን በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

የተንቀሳቃሽ ሥዕል ምሥጢር

ነገሩ ረቂቅ ቢመስልም መሠረቱ ቀላል ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በ1953 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። በውስጡም የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፣ 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የባለቀለም መስተዋት ሥዕል አለ። ወደ መስተዋቱ ተጠግቶ አንዲቱን ቁራጭ ብቻ የሚመለከት ሰው፣ ከቀለም በቀር ሌላ ነገር አያይም። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ሲቆም ግን ቁራጮቹ ሁሉ ተጋጥመው የአፍሪካ ሕዝብና የነጻነቱ ታሪክ ሆነው ይታዩታል።

የኮምፒዩተር ሥዕልም እንዲሁ ነው። ከተለመዱት የቴሌቪዥንና የኮምፒዩተር መስኮቶች አንዱ፣ ወደ ጎን 1,920፣ ወደ ታች 1,080 ነጥቦች አሉት፤ ይህም ሲባዛ 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱም ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የተውጣጣ ነው። ኮምፒዩተሩ ቁጥር እንጂ ቀለም አያውቅም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ነጥቡም በቁጥሩ መጠን ይበራል።

እንቅስቃሴ የምንለውም በእውነቱ በመስኮቱ ላይ የለም። በሲኒማ ቤት በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 የቆሙ ሥዕሎች ተከታትለው ያልፋሉ፤ ለዐይናችን ግን አንድ ሕያው ነገር የሚሄድ ይመስለዋል። እንግዲህ የ10 ደቂቃ ፊልም 14,400 ሥዕል ይፈልጋል ማለት ነው። ቀድሞ ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መጀመሪያና መጨረሻ ይሥላል፤ ረዳቶቹም በመካከል ያለውን አንድ በአንድ ይሞላሉ። ዛሬ ይህን የመካከሉን ድካም የሚሸከመው ኮምፒዩተር ነው፤ እጁ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይደርሳል ተብሎ ሲነገረው፣ በመካከል ያለውን መንገድ አስልቶ ያወጣዋል።

ነገር ግን ለፊልም የሚሠራ ሥዕልና የሰውን እጅ እየተከተለ የሚሠራ ሥዕል ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በ1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ»፣ ሙሉ በሙሉ በኮምፒዩተር የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም ሲሆን ከ110,000 የሚበልጡ ሥዕሎች ነበሩት፤ ከእነዚህም አንዱን ብቻ ለመጨረስ ኮምፒዩተሩ ብዙ ሰዓት የሚፈጅበት ጊዜ ነበረ። ተመልካቹ የሚያየው ያለቀውን ስለሆነ መዘግየቱ አይታወቀውም። ልጁ በእጁ ግራ ሲለው ወደ ግራ፣ ቀኝ ሲለው ወደ ቀኝ የሚሄደው ሥዕል ግን በየሰከንዱ 30 ጊዜ ያህል እንደገና መሣል አለበት፤ ከዘገየ ልጁ ያዘዘው እርሱ መሆኑን ይረሳል። ሊቃውንቱ ይህን «ኢንተራክቲቭ ግራፊክስ» ይሉታል፤ እኛ «ታዛዥ ሥዕል» ብንለው ያስኬዳል።

የመምህሩ መምህር

የታዛዥ ሥዕል ታሪክ ሲነገር 1963 ሁልጊዜ ይነሣል። በዚያ ዓመት አይቫን ሰዘርላንድ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕረግ ባቀረቡት ሥራ «ስኬችፓድ» የተባለውን ፕሮግራም አሳዩ። ሰውዬው በብርሃን ብዕር መስኮቱን ሲነካ፣ ኮምፒዩተሩ መስመርና ክብ ይሥልለት፣ የተጣመመውንም ያቃናለት ነበር። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሰው ለኮምፒዩተር ጥያቄውን የሚያቀርበው በተበሳ ካርድ ሲሆን፣ መልሱንም በወረቀት ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቅ ነበርና፣ ነገሩ እንደ ተአምር ታየ።

የዚህን ሥራ ፊልም በ1964 አይተው ልባቸው ከተነካ ሰዎች አንዱ አንድሪስ ቫን ዳም ናቸው። በ1938 በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከተማ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የተሻገሩት እኒህ ሊቅ፣ በ1965 በብራውን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ። በ1967ም ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሆነው፣ ዛሬ «ሲግራፍ» ተብሎ ለሚታወቀው የኮምፒዩተር ሥዕል ሊቃውንት ማኅበር መነሻ የሆነውን ቡድን አቋቋሙ። በ1982 ከጄምስ ፎሊ ጋር ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የዘርፉ ዋና መማሪያ ሆኖ አገልግሏል።

ከሁሉ ይልቅ የእኛን አንባቢ የሚስበው ግን የማስተማር ዘዴያቸው ነው። ቫን ዳም ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የሚማሩትን ልጆች ረዳት መምህራን አድርገው፣ ለታናናሾቻቸው እንዲያስረዱ ያደርጉ ነበር። ይህ በዚያ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ያልተለመደ ቢሆንም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤታችን የኔታ ብቻቸውን ሁሉንም ተማሪ አያስተምሩም፤ ዳዊት የደገመው ገና ፊደል ለሚቈጥረው ያስቀጽላል፤ አስቀጻዩም በማስተማሩ የራሱን ትምህርት ያጸናል።

ከቫን ዳም ረዳቶች አንዱ ወጣቱ ራንዲ ፓውሽ ነበሩ። ፓውሽ የተወለዱት በ1960 በባልቲሞር ከተማ ነው። ወላጆቻቸው፣ በመኝታ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ያሰኛቸውን ሁሉ እንዲሥሉ ፈቅደውላቸው ነበር፤ እርሳቸውም ሮኬት፣ የሊፍት በርና የሒሳብ ቀመር ሣሉበት። ካደጉ በኋላ ይህን ነገር ከወላጆቻቸው ስጦታዎች ሁሉ አስበልጠው ሲያነሡት ኖረዋል። ግድግዳውን መልሶ ማቅለም ይቻላል፤ ልጁ ሐሳቡ ዋጋ እንዳለው ያወቀበት ቀን ግን ተመልሶ አይመጣም።

በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ፓውሽ ጎበዝ ተማሪ፣ ነገር ግን ትዕቢተኛ ነበሩ። ይህን ያዩት ቫን ዳም አንድ ቀን ትከሻቸውን አቅፈው ወሰዷቸውና፣ ሰዎች ትዕቢተኛ አድርገው እንደሚመለከቷቸው፣ ይህም በሕይወታቸው ሊሠሩ የሚችሉትን ሥራ እንደሚያሳንስባቸው በለሰለሰ አንደበት ነገሯቸው። ፓውሽ ለከፍተኛ ትምህርት ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ አመልክተው ባልተቀበላቸው ጊዜም፣ ስልክ ደውለው የተማጠኑላቸው እኒሁ መምህር ናቸው። ተማሪውን በግልጥ መገሠጽና በችግሩ ቀን ደግሞ ለእርሱ መቆም፣ ሁለቱም የአንድ መምህር ሥራ ነው።

ተረት እየሠሩ መማር

ፓውሽ በ1988 ከካርኔጊ ሜሎን የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ተቀብለው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመሩ፤ በ1997 ደግሞ በፒትስበርግ ወደሚገኘው ወደ ካርኔጊ ሜሎን በፕሮፌሰርነት ተመለሱ። ስማቸውን ያስጠራው ዋናው ሥራ «አሊስ» የተባለው ፕሮግራም ነው።

አሊስ ለምን አስፈለገ? ኮምፒዩተርን ማዘዝ የሚማር ጀማሪ በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር የሐሳብ ሳይሆን የምልክት ችግር ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጐድል ሥራው ሁሉ ይቆማል፤ ልጁም ከዚህ የተነሣ ትምህርቱ ለእርሱ እንዳልተፈጠረ አስቦ ይተወዋል። ፓውሽና ተማሪዎቻቸው ይህን ዕንቅፋት አነሡት። በአሊስ ውስጥ ልጁ ሰው ወይም እንስሳ ይመርጣል፤ ከዚያም «ተራመድ»፣ «ዙር»፣ «ተናገር» የሚሉትን ዝግጁ ትእዛዞች እየጐተተ በቅደም ተከተል ይደረድራል። ወዲያው የመረጠው ምስል እንደታዘዘው ይንቀሳቀሳል። ልጁ ከተሳሳተ ጥንቸሉ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል፤ ልጁም ስሕተቱን በዐይኑ አይቶ፣ ሥቆ ያርመዋል። ተረት የሚሠራ ሲመስለው፣ ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብን፣ ትልቁን ሥራ ወደ ትናንሽ ሥራዎች መከፋፈልንና ምክንያትን ከውጤት ጋር ማገናኘትን ይማራል።

የተማሪዎቻቸው ሥራ ይህን አጽንቶታል። ካትሊን ኬለኸር የተባሉ የዶክትሬት ተማሪያቸው፣ ልጃገረዶች ይበልጥ ተረት እንዲሠሩበት አድርገው አሊስን አሻሻሉት። በሙከራውም ላይ፣ ተረት መሥሪያው የተሰጣቸው ልጃገረዶች፣ የተለመደው አሊስ ከተሰጣቸው ይልቅ 42 በመቶ የሚበልጥ ጊዜ ትእዛዝ በመጻፍ አሳልፈዋል። የልጃገረዶቹ አእምሮ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የቀረበላቸው ሥራ ነው። ይህን ነገር፣ «የኮምፒዩተር ነገር የወንድ ልጅ ነው» የሚሉ ወላጆች ሁሉ ቢያስቡበት መልካም ነው።

ፓውሽ በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩት ሌላው ኮርስ፣ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ሰው ሠራሽ ዓለም የሚሠሩበት ነበረ። ሠዓሊውን፣ ተዋናዩንና የኮምፒዩተር ተማሪውን አራት አራት እያደረጉ በቡድን ያሰለፏቸዋል፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ሳምንት ብቻ ይሰጧቸዋል፤ ከዚያም ቡድኑን በትነው ከሌሎች ጋር ያቀናጇቸዋል። በመጀመሪያው ጊዜ ተማሪዎቹ ያመጡት ሥራ ከጠበቁት በላይ ቢሆንባቸው ግራ ገባቸውና፣ ወደ ቀድሞው መምህራቸው ወደ ቫን ዳም ደውለው ምን ላድርግ ብለው ጠየቁ። መምህሩም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ሥራው መልካም እንደሆነ፣ ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ መሥራት እንደሚችሉ ንገራቸው ብለው መከሯቸው። ተማሪው የት ድረስ መሄድ እንደሚችል ሳይታወቅ ወሰን ማበጀት እርሱን መጉዳት ነውና።

የመጨረሻው ትምህርት

በ2006 ፓውሽ የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሚቀጥለው ዓመት በነሐሴ ወር ሐኪሞች፣ ደኅና ሆነው የሚቈዩት ከሦስት እስከ ስድስት ወር መሆኑን ነገሯቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 46 ሲሆን፣ ሦስት ትናንሽ ልጆች ነበሯቸው።

መስከረም 18 ቀን 2007፣ በካርኔጊ ሜሎን አዳራሽ፣ ከ400 በሚበልጡ ሰዎች ፊት የመጨረሻ ትምህርታቸውን ሰጡ። ስለ ሞት ሳይሆን፣ በልጅነት የታለመን ሕልም ስለ መፈጸምና የሌሎችን ሕልም ስለ መርዳት ተናገሩ። የመኝታ ክፍላቸውን ግድግዳ ፎቶግራፍ አሳይተው፣ በአዳራሹ የነበሩትን ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ግድግዳ ላይ ልሣል ቢሏችሁ ለእኔ ስትሉ ፍቀዱላቸው ብለው ለመኑ። ስለ አሊስ ሲናገሩ ደግሞ፣ የተስፋይቱን ምድር አይቶ ያልገባባትን ሙሴን አስታወሱ፤ እርሳቸው ባያዩትም ሚሊዮኖች ልጆች እየተደሰቱ ከባድ ትምህርት እንደሚማሩ ተስፋ አደረጉ። በመጨረሻም ያ ሁሉ ንግግር ለአዳራሹ ሳይሆን ለሦስቱ ልጆቻቸው የተዘጋጀ መሆኑን ገለጡ። ሐምሌ 25 ቀን 2008 በ47 ዓመታቸው ዐረፉ። አሊስ ግን ዛሬም በነጻ ይሰጣል።

በእኛ አገር

በአገራችንም ሥዕልን ለሕፃናት መምህር ለማድረግ የደከሙ አሉ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 «ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ» የተባለውን ድርጅት አዲስ አበባ ላይ አቋቋሙ። በመኖሪያ ቤታቸው ተጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት፣ ፀሐይ በምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ሕፃናትን ፊደልን፣ ቁጥርንና ጤና አጠባበቅን አስተማረ። በ2008 በጃፓን በሚደረገው ዓለም አቀፍ የትምህርት ዝግጅቶች ውድድር ተሸለመ፤ ብሩክታዊትም በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት ተቀበሉ። ይኸው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን፣ ኢትዮጵያውያት ልጃገረዶች ጎጂ ልማድን ሲዋጉ የሚያሳየውን አኒሜሽንም አውጥቷል። እኒህ መምህርት ያሳዩን ነገር፣ የውጭ አገር ሥዕል ብቻ እያየ የሚያድገው ልጃችን፣ በራሱ ቋንቋ የሚናገርና መልኩን የሚመስል ሥዕል ሲያገኝ በደስታ እንደሚማር ነው።

ሆኖም የቴሌቪዥን ሥዕል ምንም መልካም ቢሆን ታዛዥ ሥዕል አይደለም። ከመመልከት ወደ መሥራት የሚደረገው እርምጃ በየቤታችን መፈጸም አለበት፤ ለዚህም መሣሪያው ተገኝቷል። በ2007 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣው «ስክራች» የተባለው ፕሮግራም፣ እንደ አሊስ ሁሉ ትእዛዞችን እንደ ጡብ እያገጣጠሙ ሥዕል የሚያንቀሳቅሱበት ነው። የሚሰጠው በነጻ ነው፤ በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ስላለበት ልጁ ትእዛዞቹን በገዛ ፊደሉ ያነባቸዋል፤ አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ከተጫነ በኋላም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተዘጋጀው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው።

ለጀማሪ ልጅ ምን እንዲሠራ እንስጠው? ከቤቱ የራቀ ነገር መፈለግ አያስፈልግም። በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የካዛንቺስ ሰፈር በኮሪደር ልማት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄዷል። ከእነዚህ ቤተሰቦች የተወለደ ልጅ፣ የቀድሞውን ቤትና የግቢውን በር በወረቀት ላይ ይሣል። ሥዕሉ በስልክ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወደ ፕሮግራሙ ይገባል። ከዚያም ልጁ አንድ ሰው ይሥልና ከበሩ ወጥቶ እስከ ሱቁ፣ ከሱቁም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲራመድ ያዝዘው። አያቱ ደግሞ እገሌ እዚህ ነበሩ፣ ቡና የምንጠጣው እዚያ ነበረ እያሉ ሲናገሩ ድምፃቸውን ይቅዳ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ኮምፒዩተር ተማረ፤ አያት ተደመጡ፤ የፈረሰው ሰፈርም በቤተሰቡ ዘንድ መታሰቢያ አገኘ። የሕፃኑን ፊትና የቤተሰቡን ጉዳይ ግን በኢንተርኔት ላይ ማውጣት አይገባም፤ ሥራው በቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ።

ኮምፒዩተር የሌለው ቤትም ከዚህ ትምህርት አልተከለከለም። አንድ ያለቀ ደብተር ይወሰድ። ከመጨረሻው ቅጠል ተጀምሮ፣ በ24 ቅጠሎች ጠርዝ ላይ አንዲት ኳስ ትሣል፤ በየቅጠሉም ቦታዋ በጥቂቱ ከፍ ይበል። ከዚያ ቅጠሎቹን በአውራ ጣት ፈጠን እያደረጉ መልቀቅ ነው። ኳሷ ትነሣለች። ልጁም የሲኒማን ምሥጢር በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በእርሳስ ብቻ ያገኘዋል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከስልኩ ወይም ከኮምፒዩተሩ በተነሣ ጊዜ «ምን አየህ?» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። «ምን ሠራህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት። የሚያሳያችሁ ነገር ካለው ተቀምጣችሁ እዩለት፤ መልካም ሆኖ ካገኛችሁትም ከዚህ የሚበልጥ መሥራት እንደሚችል ንገሩት። የሚያሳያችሁ ነገር ከሌለው ደግሞ ደብተሩንና እርሳሱን አቅርቡለት፤ የመጀመሪያዪቱንም ኳስ አብራችሁት ሣሉ።